ስማችንን የወሰዱት ሰዎች

ባለፈው ቅዳሜ በማኅበራችን የባህል ምሽት ላይ ያወራሁትን «ጻፈውና እናንብበው» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ይኸው። ቀልዶቹን ቀንሻለሁ። አዳራሽ ውስጥ ያሳቀ ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ ይቀዘቅዛል።

እንደምን አመሻችሁ።

በእጅ እንጀምር። ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች የሚባል ቤተ ክርስቲያን እንዳለ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ፣ ከግማሽ በላይ ናችሁ። ማን እንደመሠረተውስ? አያችሁ፣ «የኛ ሰዎች ናቸው» የሚል ድምፅ ከሦስት ቦታ ሰማሁ። ከኋላ አንዱ ወንድማችን «ነጋዴዎች ናቸው» ብሎ ጨምሯል።

ይሄ ነገር ሁላችንም ጋ አለ። አንድ ሐበሻ ኒው ዮርክ ዘመድ ሲመጣበት የነፃነት ሐውልቱን ያሳያል፣ ታይምስ ስኩዌርን ያሳያል፣ ከዚያ ሃርለም ሲደርሱ ደረቱን ነፋ አድርጎ «ይሄን ያቋቋምነው እኛ ነን» ይላል። እኔም ብያለሁ። አንዴ አይደለም። በኋላ ግን ትንሽ ማንበብ ስጀምር አፈርኩ። ውሸት ስለሆነ አይደለም ያፈርኩት፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ያፈርኩት ስሙን ይዤ ስፎክር ሰዎቹን አንድም ቀን ጠይቄያቸው ስለማላውቅ ነው። ለመሆኑ እነማን ነበሩ? በምን ገንዘብ? ለምን ወጡ?

እኔ ባፕቲስት አይደለሁም፣ ማንንም ባፕቲስት ላደርግ አልመጣሁም። ኦርቶዶክሶች አትስጉ። ቀኖቹን ሁሉ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመቀመጫ ነው።

1808 ላይ ኒው ዮርክ ዛሬ የምናውቃት ከተማ አልነበረችም። በ1810 ቆጠራ 96 ሺህ ሰው ገደማ ነበራት። ማንሃተን ደቡብ ጫፍ ላይ የተጨናነቀች የወደብ ከተማ ናት፤ ሃርለም ያኔ እርሻ ነው። ከአሥሩ ነዋሪ አንዱ ጥቁር ነበር። ባርነት የደቡብ ጉዳይ ይመስለናል አይደል? ኒው ዮርክም ነበር። በ1799 የወጣው ሕግ ባርነትን በአንዴ አላጠፋም። ከዚያ ዓመት ጁላይ 4 በኋላ የተወለደ ልጅ ነፃ ነው ይላል፤ ግን ወንዱ እስከ 28፣ ሴቷ እስከ 25 ዓመቷ የእናቷን ጌታ ታገልግል ይላል። ይሄ እንግዲህ ነፃነት ተብሎ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት እስከ 1827 ድረስ ጠብቀዋል።

እዚህ ከተማ ውስጥ ጎልድ ስትሪት ላይ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ፈርስት ባፕቲስት ይባላል። ጥቁር አባላትም ነበሩት። አብረው ተጠምቀዋል፣ የሚሰብክላቸው ሰባኪ አንድ ነው። አንድ ላይ መቀመጥ ግን አይቻልም። ነጩ የሚቀመጥበት ሌላ፣ ጥቁሩ የሚቀመጥበት ሌላ። በዚያ ዘመን በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ለጥቁሮች የሚተወው ቦታ ሰገነቱ ነበር፤ ላይኛው ፎቅ፣ ከኋላ።

አንድ ሰው «ታዲያ ለወንበር ብሎ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ይለቃል?» ይል ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥቢ ከርመሽ፣ ወይ የሰው ጭስ ማውጫ ስትጠርግ ከርመህ፣ እሁድ ጠዋት ያለችህን አንዷን ደህና ልብስ ለብሰህ ሄደህ፣ እዚያም «ወደ ላይ» ትባላለህ። የዚያ ዘመን የኒው ዮርክ ጥቁሮች ሥራ ይሄ ነበር፦ ልብስ አጣቢ፣ ምግብ አብሳይ፣ የጭስ ማውጫ ጠራጊ፣ የወደብ ሠራተኛ፣ መርከበኛ። እሁድ ብቻ ነበረቻቸው። እሷንም ሲነኩባቸው ወጡ።

አዲስ ነገር አልነበረም። ፊላደልፊያ ውስጥ ሪቻርድ አለንና ጓደኞቹ ከአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የወጡት በዚሁ በመቀመጫ ምክንያት ነው፤ እዚያው ኒው ዮርክም ጥቁር ሜቶዲስቶች በ1796 የራሳቸውን ጉባኤ ጀምረው ነበር። ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር የማይጥማችሁ ሁለት ደቂቃ ታገሡኝ።

ሜቶዲስት ጳጳስ አለው፣ ጉባኤ አለው፣ ሕንፃው የማን ነው የሚለው ወደ ላይ ይሄዳል። አለንና ሰዎቹ የራሳቸውን ሕንፃ ከነጮቹ አስተዳደር ለማስለቀቅ እስከ 1816 ድረስ ፍርድ ቤት ተንከራተዋል። ባፕቲስት ጋ እንደዚያ የለም። እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን ያስተዳድራል። መጋቢውን የሚመርጠው ምዕመኑ ነው፣ የሚያሰናብተውም ምዕመኑ ነው። አምነው የተጠመቁ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ቃል ኪዳን ከገቡ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ አለቀ። ፈቃድ የሚሰጥ ሊቀ ጳጳስ የለም። ከአንድ አጥቢያ ወደ ሌላ የሚሄድ ሰው ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ እዚህ ያላችሁ የወንጌላውያን ልጆች ታውቁታላችሁ፣ «መሸኛ» የምንለው ነው። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ መጥተው ዕውቅና ይሰጣሉ። ስለዚህ አንድ ድሃ፣ ጥቁር፣ የመምረጥ መብቱ እንኳ የተሸራረፈ ሰው በዚያ አገር ላይ ድምፁ እንደማንም የሚቆጠርበት ብቸኛው ስብሰባ የራሱ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የአባላት ስብሰባ ሊሆን ይችላል። ይሄ ለኔ ከስብከቱም በላይ ትልቅ ነገር ነው።

ግን የሚያደራጅ ሰው ያስፈልጋል። ከቦስተን መጣ። ቶማስ ፖል ይባላል፤ በ1773 ኒው ሃምፕሸር፣ ኤክሰተር የተወለደ ጥቁር ሰባኪ። በ1805 ቦስተን ውስጥ የጥቁሮች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አቋቁሟል፣ በ1806 መጨረሻ ደግሞ ሕንፃ አስመርቋል። ሕንፃው ዛሬም ቢከን ሂል ላይ ቆሟል፤ ቦስተን የምትሄዱ ግቡና እዩት።

የዚያን ሕንፃ የምረቃ ቀን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ። ጥቁሮቹ ራሳቸው ለፍተው የሠሩት ቤት ነው። ተመረቀ። በምረቃው ቀን ታዲያ የታችኛው ወንበር ለደግ ነጭ እንግዶች ተለቀቀ፤ ባለቤቶቹ ሰገነቱ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። በገዛ ቤታቸው!

እንግዳ ማክበር ነው ልትሉ ትችላላችሁ። እኛም እንግዳ ሲመጣ አልጋችንን ለቀን መሬት ላይ እንተኛለን። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ያ ሰገነት እንጨት ብቻ አልነበረም፤ ሰው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ቶማስ ፖል ይሄን አይቶ ነው ኒው ዮርክ የመጣው። 1808 ላይ ከጎልድ ስትሪት የወጡትን ሰዎች አደራጀ፣ ለጥቂት ወራት መጋቢ ሆኖ አገለገላቸው፣ ወደ ቦስተኑ መንጋው ተመለሰ። አንዳንድ ጽሑፍ ላይ 1809 የሚል ታገኛላችሁ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ የምታከብረው ግን 1808ን ነው። ልደት ደግሞ ባለቤቱ ያለው ይጽና።

የመጀመሪያ ቤታቸው አንቶኒ ስትሪት ላይ ነበር። ዛሬ ወርዝ ስትሪት ይባላል፣ ፍርድ ቤቶቹ ያሉበት አካባቢ ነው። ዜግነት ስትጠብቁ ለወረቀት ጉዳይ ወደ ፌዴራል ፕላዛ ሄዳችሁ ከሆነ በዚያ በኩል አልፋችኋል። ያኔ ግን ደህና ሰፈር አልነበረም። አጠገቡ የቆዳ ፋብሪካዎች ያበላሹት ሸታች ኩሬ እየተደፈነ ነበር፤ ኋላ ፋይቭ ፖይንትስ ተብሎ በድህነቱ ስሙ የወጣው መንደር የበቀለው እዚያ ላይ ነው። ጥቂት ብሎክ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከተማው ለዘመናት ጥቁሮችን የቀበረበት ሜዳ አለ፤ ተረስቶ ሕንፃ በላዩ ላይ ተሠርቶበት በ1991 ለፌዴራል መሥሪያ ቤት መሠረት ሲቆፈር ነው አጥንቱ የወጣው። እነዚህ ሰዎች ቤተ ክርስቲያናቸውን የተከሉት በገዛ ሙታናቸው ጎረቤት ነው።

አሁን ወደ ስሙ።

የቤተ ክርስቲያኗ ትውፊት እንዲህ ይላል፦ ጎልድ ስትሪት ላይ «ለየብቻ ተቀመጡ» ሲባል እምቢ ብለው ከወጡት መካከል ከአቢሲኒያ የመጡ ነጋዴዎች፣ ባሕረኞችም ነበሩ፤ ስሙ የተሰጠውም በአገራቸው ነው። ትውፊቱን ሃርለም ያሉት ሰዎች በክብር ነው የያዙት፤ ቀልድ የለበትም።

እኔ ሳስበው ግን 1808 እኛ ጋ ምን ነበር? ዘመነ መሳፍንት ነው። ደብረ ታቦር ላይ ራስ ጉግሳ፣ ትግራይ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴ፣ ጎንደር ላይ ስሙ ብቻ የቀረ ንጉሥ። ከመሐል አገር የሚወጣ ነጋዴ መድረሻው ምፅዋ ነው፤ ከዚያ ጅዳ፣ ሞካ፣ ቢበዛ ህንድ። ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ማንሃተን የደረሰ ሰው አይጠፋም ብላችሁ ብትከራከሩኝ አልጨቃጨቅም። ባሕረኛ የማይደርስበት የለም። የኒው ዮርክ ወደብም ከየትም በመጡ ጥቁር መርከበኞች የተሞላ ነበር።

ግን ስሙን ለማውጣት የግድ የኛ ሰው እዚያ መቆም ነበረበት? እዚህ ላይ ነው ከብዙዎቻችሁ የምለየው። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ኢትዮጵያ ፈጥና እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው መዝሙር፣ የኛዎቹ 67 የሚሉት፣ ሌሎቻችሁ 68 የምትሉት፣ በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ እንደ ስንቅ የተያዘ ጥቅስ ነበር። ማንበብ የማይችለው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ጆርጂያ፣ ሳቫና ውስጥ በባርነት ላይ እያለ የሰበከው አንድሪው ብራያን በ1788 ሲሾም ቤተ ክርስቲያኑ «ኢትዮጵያዊ» ተብላ ነው የተጠራችው። ሳቫና ውስጥ የኛ ነጋዴ አልነበረም። ሰሜን፣ ሜይን ግዛት፣ ፖርትላንድ ላይም አቢሲኒያን የሚባል የጥቁሮች የጸሎት ቤት በ1820ዎቹ መጨረሻ ተሠርቷል፤ ዛሬም አለ።

እነዚህ ሰዎች ከየት እንደመጡ ተሰርቆባቸዋል። አያቱ ከየትኛው መንደር እንደተወሰደ የሚያውቅ የለም። ነጭ በሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ፣ ያውም በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ በክብር የተጠራ አንድ የጥቁር አገር አገኙ። ያውም ክርስቲያን አገር፣ ከአውሮፓ ብዙው ክፍል በፊት የተጠመቀ። ሰገነት ላይ ውጡ የሚላቸውን ሰው «እኛ ከናንተ በፊት ነበርን» ለማለት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ወሰዱት። ሳያስፈቅዱን ወሰዱት፣ ጥሩ አደረጉ።

ስለዚህ «ያቋቋምነው እኛ ነን» የሚለውን እኔ ትቻለሁ። ያቋቋሙት እነሱ ናቸው። እኛ ስም ነን።

ከዚያ በኋላ ያለው እድገት ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው አይደለም፤ ቀስ ያለ ነው። በጣም ቀስ ያለ። ሕንፃ አላቸው ደግሞም የላቸውም። ከአንቶኒ ስትሪት ወደ ቶምፕሰን፣ ወደ ስፕሪንግ፣ ከዚያ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ዌቨርሊ ፕሌስ። ካርታ ላይ ብታዩት ወደ ሰሜን እየተሳቡ ነው የሄዱት፤ ጥቁሩ ሕዝብ ከሰፈር ሰፈር ሲገፋ ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ይነሣል። በ1834 ጥቁሮችና የባርነት ተቃዋሚዎች ላይ ረብሻ ተነሥቶ የቅዱስ ፊልጶስ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ተሰባብሯል። በ1863 የውትድርና ምልመላውን የተቃወመ ሕዝብ ጥቁሮችን በየመንገዱ አሳደደ፣ ሰቀለ፣ የጥቁር ሕፃናት ማሳደጊያ አቃጠለ። በዚህ ሁሉ መሐል እሁድ እሁድ መባ ይሰበሰባል፣ ኪራይ ይከፈላል፣ መጋቢ ይቀጠራል፣ ከመጋቢ ጋር ይጣላሉም። ቤተ ክርስቲያን ነዋ።

በመሐል አንድ ደስ የሚል ቀን አለ። ጁላይ 4፣ 1827 ኒው ዮርክ ውስጥ ባርነት በሕግ ያበቃበት ቀን ነው። ያ ቀን የነጮቹም የነፃነት በዓል ነው። የከተማው ጥቁሮች ታዲያ ትልቁን ሰልፋቸውን በማግስቱ፣ ጁላይ 5 አደረጉት። በነጮቹ በዓል ላይ ወጥተው ሰካራም እንዳይደባደብባቸው አንድም፣ የራሳቸው ቀን እንዲሆን አንድም።

እዚህ አገር የመጣን የወንጌል አማኞች ይሄን ኑሮ በትንሹ እናውቀዋለን። ፈረንጆቹ ጠዋት አምልከው ከወጡ በኋላ ከሰዓት በኋላ በኪራይ የምንገባ። ኩሽናውን አትንኩ፣ ምንጣፉ ላይ ቡና አታፍሱ፣ ዕጣን አታጭሱ የጭስ ደወሉ ይጮኻል። እኔ የማውቀው አንድ አጥቢያ ለአራት ዓመት ከበሮውን በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው ያኖረው፣ ማስቀመጫ ቦታ ስለተከለከለ። አራት ዓመት ለኛ ረጅም ነው። እነሱ መቶ ዓመት እንደዚህ ሄደዋል።

መቶኛ ዓመታቸው ላይ፣ በ1908፣ አንድ ሰው መጣ። አዳም ክሌይተን ፓወል፣ አባትየው። ኮንግረስ የገባውን ልጁን ታውቁት ይሆናል፤ እኔ የማወራው ስለ አባትየው ነው። በ1865፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባለቀበት ዓመት ቨርጂኒያ ተወለደ። ወጣት ሳለ ኦሃዮ ውስጥ ሬንድቪል በሚባል የድንጋይ ከሰል መንደር ማዕድን ይቆፍር ነበር፤ ቁማርም ይወድ ነበር፣ አልደበቀውም። እዚያው ነው በ1885 ልቡ የተነካው። ኒው ዮርክ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኗ 40ኛው ጎዳና ላይ ነበረች፤ 1,600 ገደማ አባላትና ከ100 ሺህ ዶላር በላይ እዳ ይዛ። ሰፈሩ የሴተኛ አዳሪዎችና የቁማር ቤት ሰፈር ነበር። ሰውየው ከመድረክ ብቻ አልሰበከም፤ እነዚያን ቤቶች ለማስዘጋት ተሟገተ።

ከሁሉ የበለጠ ያየው ግን ባቡሩን ነው። በ1904 የምድር ውስጥ ባቡር ሃርለም ደረሰ። ባለሀብቶች ነጭ ተከራይ ይመጣል ብለው አፓርታማ በአፓርታማ አድርገውት ነበር፤ ቤቱ በዛ፣ ተከራይ ጠፋ፣ ከዚያ ለጥቁር ማከራየት ተጀመረ። በመሐል ከተማ ደግሞ ትልቁ የባቡር ጣቢያ፣ ፔን ስቴሽን፣ ሲሠራ የጥቁሮች ቤት ፈረሰ። ፓወል «ወደ ሃርለም እንሂድ» አለ። ምዕመኑ አልተጣደፈም፤ ዓመታት ፈጀ። መቶ ዓመት የተንከራተተ ሰው ሌላ ዕቃ መጫን ምን ያስቸኩለዋል?

በኋላ ግን 138ኛው ጎዳና ላይ መሬት ተገዛ፣ አሥራት ተከፈለ። የማን አሥራት? የቤት ሠራተኛዋ፣ የሊፍት ኦፕሬተሩ፣ የባቡር አስተናጋጁ። ከ300 ሺህ ዶላር በላይ የፈጀው የድንጋይ ሕንፃ በጁን 1923 ተመረቀ። እዳውን ደግሞ በ1928 ከፍለው የባንኩን ወረቀት አቃጠሉት። በ1937 ሰውየው ጡረታ ሲወጣ በአሜሪካ ትልቁ ከሚባሉት የፕሮቴስታንት ጉባኤዎች አንዱ ነበር። በ1930 ኒው ዮርክ ለትምህርት የመጣ ዲትሪሽ ቦንሆፈር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ እዚያ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምሯል፤ ኋላ ሂትለር የሰቀለው እሱ ነው።

ከኛ ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ ከስም ያለፈው ከዚህ በኋላ ነው። በ1935 ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ሃርለም ተናወጠ፤ አቢሲኒያን ውስጥ ለኢትዮጵያ ስብሰባ ተደረገ። በስማችን የተጠሩ ሰዎች የስማቸውን ዕዳ ከፈሉ ማለት ነው፤ አገራችንን አንድም ቀን አላዩም። በ1954 ጃንሆይ አሜሪካ ሲመጡ ቤተ ክርስቲያኗን ጎበኙ፣ መስቀል አበረከቱ። ያ የኢትዮጵያ መስቀል እስከ ዛሬ የቤተ ክርስቲያኗ ምልክት ነው። አስቡት፤ ባፕቲስት ቤት ውስጥ የኛ መስቀል! በ2007፣ የኛ ሚሊኒየም ሲከበር፣ ከ150 በላይ ሆነው ኢትዮጵያ ሄደው ነበር።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልውረድ።

እኔ ራሴ የሄድኩት አንድ እሁድ ነው። 135ኛው ላይ ከባቡር ወረድኩ፣ በእግሬ ሄድኩ። ዘግይቼ ነበር፤ መቼም ሐበሻ ነኝ። ታች ሞልቷል። ነጭ ጓንት ያደረጉ አንዲት አስተናጋጅ እናት በእጃቸው ደረጃውን አሳዩኝ። ወጣሁ። ሰገነቱ ላይ፣ ከጎብኚዎች ጋር ተደርድሬ ተቀመጥኩ። በግራዬ ጀርመኖች፣ በቀኜ አንድ የጃፓን ቤተሰብ። ታች የእናቶቹ ባርኔጣ ይታያል፤ ወይን ጠጅ፣ ነጭ፣ አንዱማ የአውራ ዶሮ ጭራ የመሰለ ላባ ያለው። መዘምራኑ ሲነሡ ወንበሩ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ያኔ ነው የገባኝ። ከሰገነት ሸሽተው የመጡት ሰዎች ልጆች ታች ተቀምጠዋል፤ የስሙ ባለቤት ነኝ ባዩ ሰገነት ላይ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጃፓናዊቷ ዞር ብላ አየችኝ።

ሲያልቅ እኚያው እናት ደረጃው ሥር ቆመው ነበር። «ከየት ነህ?» አሉኝ። ደረቴን ነፋ አድርጌ «ከአቢሲኒያ» አልኳቸው።

«እኛም ነን የኔ ልጅ» አሉኝ። «መውጫው በዚህ በኩል ነው።»